የመብረቅ ዕድሜ

ጡረታ የወጣ አንድ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ዝና አዳራሽ ገባ አልገባ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁንና ክርክሩ ከኳስ የሰፋ ነው። ሰው በሥራው ብዛት ይመዘን ወይስ በሥራው ልቀት? ይህ ጥያቄ ስንኝ የምንቋጥረውንም ሁሉ ይነካናል። እኔ አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ቬኔዝዌላዊው ዮሃን ሳንታና በኩፐርስታውን፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ስፍራ ይገባዋል፤ በሩን የዘጉበት ሰዎች ሚዛናቸው የተንጋደደ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጡረታ የወጡትን ተጫዋቾች መጀመሪያ የሚዳኙት የአሜሪካ የቤዝቦል ጸሐፍት ማኅበር አባላት ናቸው። ለመግባት ከመቶ 75 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከመቶ 5 በታች ያገኘ ግን ስሙ ከምርጫ ወረቀቱ ይሰረዛል። ሳንታና በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። 422 ጸሐፍት ድምፅ ሰጡ፤ ለእርሱ የሰጡት 10 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 2.4 መሆኑ ነው። በሌሎች ላይ ዓመታት የፈጀ ክርክር ሲካሄድ የእርሱ መዝገብ ሳይነበብ በአንድ ዙር ተዘጋ።

የተቃዋሚዎቹ ማስረጃ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ያንሳል ይላሉ። በ12 የውድድር ዘመን ያሸነፈው 139፣ የተሸነፈው 78 ጨዋታ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከድምር ጋር የምውል ሰው ስለ ሆንኩ ለቁጥር ንቀት የለኝም። ነገር ግን ድምር የሚነግረን በመጨረሻ ስንት እንደ ተከማቸ ብቻ ነው። እኩል ገንዘብ ካለባቸው ሁለት የቁጠባ ደብተሮች አንዱ በሠላሳ ዓመት ጠብታ፣ ሌላው በአምስት ዓመት ጎርፍ የሞላ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን መስመር ብቻ የሚያይ ሰው ጎርፉን አያየውም።

ጎርፉን እንየው። የወርዋሪ ዋና መለኪያ በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ አስቆጠሩበት የሚለው ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። ሳንታና በ2004 ለሚኒሶታ ትዊንስ 20 አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ፤ አማካዩ 2.61 ነበር፤ 265 ጊዜ መቺን በስትራይክ አሰናበተ። የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚያገኘውን የሳይ ያንግ ሽልማት በሙሉ ድምፅ ወሰደ። በ2006 ይህንኑ ሽልማት ዳግመኛ በሙሉ ድምፅ አገኘ። በመካከሉ ባለው በ2005 ሽልማቱ ለባርቶሎ ኮሎን ተሰጠ። ለምን ቢሉ ኮሎን 21 ጨዋታ አሸንፏልና! አማካዩ ግን 3.48 ነበር፤ የሳንታና 2.87። ያን ጊዜም የበደለው ይኸው የድምር ፍቅር ነው።

ዕድሜው አጠረ የሚሉትን ደግሞ የገዛ አዳራሻቸውን ግድግዳ አሳያቸዋለሁ። ሳንዲ ኮፋክስ እዚያ አለ። እርሱም የተጫወተው 12 የውድድር ዘመን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት 36 አሸንፎ 40 ተሸንፏል። ከዚያ በኋላ ግን ለጥቂት ዓመታት ማንም የማይደርስበት ሆነ፤ ክንዱ አልችል ሲለው በ30 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ፤ በ1972 በክብር ገባ። አዲ ጆስም አለ፤ በ31 ዓመቱ በ1911 ሞተ፤ የተጫወተው 9 የውድድር ዘመን ብቻ ስለ ነበር የ10 ዓመቱ ደንብ ተነሥቶለት በ1978 ገባ። አዳራሹ አጭርን ዕድሜ ማክበር ያውቅበታል ማለት ነው።

ኮፋክስ በዎርልድ ሲሪስ የሠራውን ሳንታና አልሠራም ለሚለኝ፣ እውነት ነው እላለሁ። ሳንታና ዎርልድ ሲሪስ አልደረሰም። ነገር ግን ኮፋክስ የወረወረው ነጥብ በጠፋበት ዘመን፣ ሳንታና የወረወረው መቺ በበረታበት ዘመን ነው። ዘመኑንና ሜዳውን አስልቶ አማካዩን ወርዋሪ 100 ላይ የሚያስቀምጠው መለኪያ ለኮፋክስ 131፣ ለሳንታና 136 ይሰጣል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ያው 2018 ነው። ሳንታና በተሰረዘበት ዓመት ጃክ ሞሪስ በኮሚቴ ምርጫ ገባ። 254 ጨዋታ ያሸነፈ፣ አማካዩ ግን 3.90 የሆነ ሰው ነው። አይገባውም አልልም። በ1991 በዎርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ለዚያው ለሚኒሶታ 10 ኢኒንግ ሙሉ ወርውሮ 1 ለ 0 ያሸነፈበትን ሌሊት የሚረሳ የለም። ወዳጆቹ ስለ ሞሪስ ሲከራከሩ ደጋግመው የሚያነሡት ይህን ሌሊት ነው። እንግዲህ አንድ ሌሊት ይህን ያህል የሚመዝን ከሆነ፣ የሳንታና አምስት ዓመታት እንዴት ከላባ ቀለሉ?

ሌሊት ከተነሣ ደግሞ ሳንታናም ሌሊት አለው። በ2010 ትከሻው ተቀድዶ ታከመ፤ 2011ን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ሰኔ 1 ቀን 2012 ለኒው ዮርክ ሜትስ 134 ኳስ ወረወረ፤ ከሴንት ሉዊስ መቺዎች አንዱም መትቶ ቤዝ አልያዘም። ቡድኑ በ1962 ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ ሳንታና በዋናው ሊግ ዳግመኛ አልወረወረም፤ በ2013 ያው ትከሻ እንደ ገና ተቀደደ። ትከሻውን የሰበረው ያ ሌሊት ነው አልልም፤ ይህን ሐኪም ይናገር። ነገር ግን ክንዱን ሳይሰስት የሰጠን ሰው፣ ክንድህ ቶሎ አለቀ ብሎ መክሰስ ከፍርድ አይቆጠርም።

የመብረቅን ዕድሜ፣ በሰዓት ለክተው፣
ኩራዝ በለጠ አሉ፣ ማምሸቱን አይተው።

ነፋሱ ግን እየተለወጠ ይመስላል። ሌላው ቬኔዝዌላዊ ፊሊክስ ኤርናንዴዝ፣ 169 ጨዋታ ያሸነፈው፣ ሳይ ያንግን አንድ ጊዜ ያገኘው፣ በ2025 መጀመሪያ ሲቀርብ ከመቶ 20.6 አግኝቶ ለቀጣዩ ዙር አልፏል። ያ ሚዛን ለእርሱ ከተገኘ ለሳንታና የማይገኝበት ምክንያት የለም። የጸሐፍቱ በር ቢዘጋም 16 አባላት ያሉት ኮሚቴ አለ፤ 12 ድምፅ ይበቃል። ጊዜው ሲደርስ የሳንታናን ስም ያቅርቡት፤ ያቅርቡትና ይከራከሩበት። ተከራክረው ቢጥሉት እንኳ ሰው ተዳኘ ይባላል። ሳይነበብ የተዘጋ መዝገብ ግን፣ የኳስ ተጫዋችም ይሁን ባንድ ቀጭን መድበል የቀረ ባለቅኔ፣ ፍርድ አግኝቷል አይባልም።