ዋና ለልጆች ብቻ ነውን?

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ ዐምድ ስለ ስፖርት ሲጻፍ የማነበው ብዙውን ጊዜ ስለ ሩጫና ስለ እግር ኳስ ነው። እኔ ደግሞ እምብዛም ሰው ስለማያነሣው፣ ይኸውም ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ዋና ስለ ማስተማር፣ ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

የምኖርባት ደሎ መና የሳነቴን ብርድ አቋርጠው፣ የሐረናን ደን ወርደው የሚያገኟት ቆላማ ከተማ ናት። በአጠገቧም የያዶት ወንዝ ይወርዳል። በወንዙ ዳር ያደጉት ልጆች መዋኘት ያውቃሉ። ከደጋ ተመድበን የመጣነው መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ግን ውኃው ከጉልበታችን ሲያልፍ ልባችን ይከዳናል። ክፋቱ ደግሞ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይ በተራራው ይዘንብና ወንዙ በድንገት ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል።

እኔ ዋናን የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። አሁን ወንዙ በሚጐድልበት ወራት፣ በዕረፍት ቀን፣ ከወገብ በማይበልጥ ረጋ ባለ ሥፍራ ጥቂት ባልደረቦቼን አሠለጥናለሁ። (ብልሐርዝያ በቆዳ የሚገባ በሽታ ስለ ሆነ፣ የጤና ባለሙያ ሳይጠይቁ በየወንዙና በየሐይቁ መግባት አይገባም።)

ልጅ «ግባ» ሲሉት ይገባል። ጐልማሳ ግን ምክንያቱን ሳይነግሩት አይታዘዝም። የተለመደው ስሕተቱ ትንፋሹን አፍኖ ወደ ሰማይ ማንጋጠጡ ነው። ራስ ቀና ባለ መጠን እግር ይሰጥማል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ፊታቸውን ነክረው፣ በአፍና በአፍንጫቸው እየተነፈሱ አረፋ እንዲያወጡ አደርጋለሁ። ለአንድ የክፍል ኀላፊ ይኽ የሚያሳፍር ሥራ ነው፤ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለም። ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍ ይመጣል። የእጅና የእግር አመታት የማስተምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር የአርኪሜድስን ሕግ በሰሌዳ ላይ ሲያስረዳ የሚወዳደረው የለም፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን በሕጉ ፈጽሞ አያምንም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት በጀርባው ተንሳፎ እንደ ሕፃን ሲሥቅ አየሁት።

ከፍርሃት ይልቅ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። አለቃ በበታቾቹ ፊት ልብሱን አውልቆ ሲንደፋደፍ መታየት አይወድም። እኅቶቻችንም የራሳቸው ሰዓትና ሴት አስተማሪ ካላገኙ መምጣት አይችሉም፤ ይኽም ተገቢ ጥያቄ ነው።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሊምፒክ 100 ሜትር ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰኮንድ ከ95 ሲጨርስ በሰውነቱ ውፍረት ያልሣቀ ጥቂት ነው። ስለ አመራረጡ የተነሣው ክርክር ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ከሣቂዎቹ መካከል 100 ሜትር ቀርቶ 10 ሜትር መዋኘት የሚችለው ስንቱ እንደ ነበረ ማንም አልጠየቀም።

በሌላው ዓለም ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዋናተኞች በየ5 ዓመቱ የዕድሜ ክልል እየተመደቡ ይወዳደራሉ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናቸው በ1978 ዓ.ም. በቶኪዮ ተደርጓል። ሚዬኮ ናጋኦካ የተባሉ ጃፓናዊት እመቤት ጉልበታቸውን ለማሻል ዋና የጀመሩት 80 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በ100 ዓመታቸው 1,500 ሜትር ዋኝተው ጨረሱ። ገና በ40 ዓመቱ «እኔስ አርጅቻለሁ» የሚለኝ የሒሳብ ሹም ይኽን ቢያነብልኝ ደስ ባለኝ።

በአዲስ አበባ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ማለዳ ከሥራ ሰዓት በፊት አንዲቱን ሰዓት በመጠነኛ ዋጋ ለመንግሥት ሠራተኛ ቢለቁ ምን ይጐዳሉ? በዚያ ሰዓት ገንዳው ባዶ ነው። የዋና ፌዴሬሽንም ወጣቶችን ከሚያሠለጥኑት ጋር የጐልማሶች አሠልጣኝ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። እኛ ገንዳ የሌለን የወረዳ ሰዎች እስከዚያው ድረስ በአንድ ረዥም ገመድና በአየር በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ እንሠራለን። ይኽን ሥራ በየከተማቸው ለመጀመር የሚወዱ መምህራን ካሉ፣ የምሠራበትን ሥርዐት በዝርዝር ጽፌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከደሎ መና