መዝገብ የሌለው ቡድን ጥሩንባ አይነፋለትም

አምበር ላይ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡና ከበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ልጅ "አርሰናል መቼ ተመሠረተ?" ብላችሁ ጠይቁት። ሳያስብ "1886" ይላችኋል። ለንደን አጠገብ ዉልዊች በሚባል ቦታ የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች እንዳቋቋሙትም ይነግራችኋል። አጠገቡ ያለው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ደግሞ አያስችለውም፤ የእሱ ቡድን በ1878 ኒውተን ሂዝ በሚል ስም በባቡር ሠራተኞች እንደተጀመረና በ1902 የዛሬውን ስም እንዳገኘ ይጨምርላችኋል።

እዚያው ሆናችሁ "የአምበር የመጀመሪያው የኳስ ቡድን መቼ ተቋቋመ? ኳሱን ማን ገዛ? ማሊያው ምን ዓይነት ነበር?" በሉ። ቤቱ ጭጭ ይላል።

በልጆቹ አትፍረዱ። እኔም በዚያው ሜዳ በካልሲ ኳስ ያደግሁ ሰው መልሱን አላውቀውም። ባለፈው ለበዓል አገር ቤት ስገባ ሦስት አባቶችን ጠየቅሁ። አንዱ "ከማርቆስ ለክረምት የመጡ ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት" አሉኝ። ሁለተኛው "የለም፣ አንድ መምህር ነበር" አሉ። ሦስተኛው "ከጦር ሠራዊት የተመለሰ ወታደር ነው እንጂ!" ብለው ተቆጡ። ምናልባት ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ግን አንዳቸውም የሚያሳዩኝ ወረቀት የለም። ደብተር ነበር አሉ፤ የተጫዋች ስም፣ የመዋጮ ገንዘብ፣ የግጥሚያ ውጤት የተጻፈበት። ደብተሩን የያዘው ሰው ሲሞት ቅጠሎቹ ሱቅ ገብተው ስኳር ተጠቀለለባቸው።

ወዳጆች፣ ይህ የትዝታ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ክርክር ይዤ ነው የመጣሁት። ክርክሬም ይህ ነው፦ የታችኛው ሊግ ቡድኖቻችን የሚሞቱት ገንዘብ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም። ባለቤት ስለሌላቸው ነው። ባለቤት የሌላቸውም ሲወለዱ የመዘገባቸው ስለሌለ ነው። ማን እንደመሠረተው ያልታወቀ ቡድን በአንድ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይፈርሳል፤ "የእኔ ነው" ብሎ የሚከራከር ሰው ከየት ይመጣል?

እስቲ ከላይ እንጀምር። የአገራችን የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና የአራዳ ልጆች ቅዱስ ጊዮርጊስ። ማን አሸነፈ? የእንግሊዝ ወታደሮች። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ የገባ ቡድን ነው ማለት ነው። ከአምስቱ ዛሬ በሊጉ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ጊዮርጊስ።

ለምን እሱ ብቻ ቀረ? በዋንጫ እንዳትሉኝ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ሲመሠርቱት ከፊቱ የጠበቀው ዋንጫ ሳይሆን ወረራ ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ ስሙን ነጥቆ "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" አለው። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ከተመሠረተ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ "ቢራ" እየተባለ እንዲጫወት ሆነ። ሁለት መንግሥት ሁለት ጊዜ ስሙን ቀየረበት፤ ሁለቱም ጊዜ ስሙ ተመለሰ። የተመለሰው "ይህ ቡድን የአባቴ ነው፣ የሠፈሬ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተጀመረው" የሚል ሰው ስለነበረ ነው። ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ከተጫዋችነት ተነሥቶ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ሲደርስ ከየት እንደተነሣ ይታወቅ ነበር። ታሪኩ ስለተነገረና ስለተጻፈ ቡድኑ ከስሙ በላይ ሆነ።

አሁን ሌላውን ወገን እዩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበሩትን ልጥራላችሁ፦ ኦጋዴን አንበሳ፣ ትግል ፍሬ፣ እርምጃችን። እርምጃችን እንዲያውም ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ በልቷል። ከአርባ ዓመት በታች ከሆናችሁ ስማቸውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአገር ሻምፒዮን ናቸው እኮ! የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ አገሪቱን ያሸነፈ ቡድን ነበር። ፋብሪካው ሲያስነጥሰው ቡድኑ ታመመ፤ ቀጥሎ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ሻምፒዮኖቹ እንዲህ ከሆኑ በአንደኛ ሊግ የሚንከላወሰው፣ ስሙ በሬዲዮ ሲነበብ "ደግሞ ይኼ የየት ነው?" የሚባለው ቡድን ምን ይሆናል?

ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ወደ አማራ ክልል። ጎንደር ላይ በአንድ ዘመን ሁለት ቡድኖች ነበሩ። አንዱ ዳሽን ቢራ ነው። ፋብሪካ ከጀርባው ያለ፣ ደሞዝ የማይቸግረው፣ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት። ሌላው ፋሲል ከነማ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ብዙ ዘመኑን በታችኞቹ ሊጎች አቧራ ሲቅም የኖረ። 2008 ዓ.ም. ላይ ዳሽን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከከፍተኛ ሊግ አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ አፄዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኑ።

ሁለቱ አንድ ከተማ፣ አንድ አየር፣ አንድ ሕዝብ ነበራቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ዳሽን ሲፈርስ የፈረሰው የአንድ መሥሪያ ቤት የወጪ መደብ ነው። ፋሲል ቢፈርስ ግን ጎንደር ውስጥ ለቅሶ ይቀመጥ ነበር። አባት ለልጁ፣ ልጅ ለልጁ ያወረሰው ነገር ነው። እርግጥ ፋሲልም የከተማ አስተዳደር እጅ አለበት፤ አልክድም። ግን ከአስተዳደሩ ሌላ ባለቤት አለው። ሹመኛ ሲሻር አብሮት አልተሻረም።

የወልድያንም አንርሳ። ጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲን ስም የተሰየመ፣ ክልሉ የሚኮራበት ስታዲየም ተመረቀ። ቡድኑም ያኔ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ወረደ። ስታዲየሙ ቆሟል፤ ቡድኑ ግን እዚያ የለም። ሲሚንቶ ቡድን አይወልድም። ይህን የምለው በየከተማው ስፖርት ማለት ሜዳ አጥር ማጠርና ሪባን መቁረጥ ለሚመስላቸው ሹመኞች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "አንተ ሰውዬ፣ አገሩ በምን ላይ ነው ያለው? ሰው ሰላም አጥቶ፣ ማዳበሪያ አጥቶ፣ አንተ የኳስ ቡድን ልደት ትቆጥራለህ?" ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ ጥያቄው ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ማንም አይነግረኝም። ግን ለዚህ ነው ደግሞ የምቸኩለው። ወረቀት የሚቃጠለው፣ ሽማግሌ ሳይናገር የሚሞተው፣ ወጣት ተበትኖ የሚቀረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ሰላም ሲመጣ ልጆቹን የሚሰበስባቸው ምንድን ነው? ስብሰባ ነው? ጎራ ሳይለይ አንድ ማሊያ የሚያለብስ ነገር በየከተማችን ስንት አለን? ያለንን እንኳ እንዳናጣው ነው የምለው።

ሌላው ተከራካሪ የበጀት ሰው ነው። "ሕዝቡ ድሃ ነው፤ መንግሥት ካልያዘው ቡድን አይኖርም" ይላል። ይህ ሰው አምበርን አያውቃትም። አምበር ውስጥ እድር የሌለው ማነው? እድሩ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። መዝገብ አለው! ማን መቼ እንደገባ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ስንት ቀን እንደቀረና ምን እንደተቀጣ ተጽፏል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ተቆጥሯል። መንግሥት ሲቀያየር እድሩ አልፈረሰም። አንድም ከንቲባ ተነሥቶ "ከዛሬ ጀምሮ እድራችሁ ተዘግቷል" ለማለት አይደፍርም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ከተማው ይወጣል። ያው ድሃ የተባለው ሕዝብ ነው ይህን ያቆመው።

ደግሞ መዝገብ ለጎጃም አዲስ ነገር ነው? ጎንጅና ዋሸራ ያለበት አገር አይደለም? የቅኔው መምህር ከማን እንደተማረ፣ ያም ከማን እንደተማረ ወደ ኋላ ሲቆጥር የሚያድር አገር ነው። ኳሱ ላይ ስንደርስ ነው እንዴት ዘሩን የማያውቅ ሕዝብ የምንሆነው?

ሒሳቡን እናስላው። አንድ ሺህ ሰው በወር ሃያ ሃያ ብር ቢያዋጣ በዓመት 240,000 ብር ነው። ይህ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች አይቀጥርም፤ አያስፈልግምም። የወረዳ ቡድን ኳስና ማሊያ፣ የመኪና ኪራይና የዳኛ አበል ግን ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ከተማው ቢደጉም ምስጋና ይግባው፤ ድጎማው ቢቋረጥ ግን ቡድኑ አይሞትም። ዛሬ የምናየው የተገላቢጦሽ ነው። በየዓመቱ ደሞዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾች ለፌዴሬሽን አቤት ሲሉ እንሰማለን። ከሩቅ የመጣ ተጫዋች ተቀጥሮ፣ የከተማው ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። በጀቱ ሲያልቅ ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ለልጁ የሚቀረው አጥሩ ነው።

"ይህ ሕልም ነው" የሚለኝ ካለ አሜሪካ ውስጥ ግሪን ቤይ የምትባል አንድ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ አለችለት። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኗ በ1919 ሲመሠረት የማሊያውን ገንዘብ የሰጠው አንድ የሥጋ ማሸጊያ ድርጅት ነበር፤ ቡድኑ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። እንደ ድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ፣ እንደ ዳሽንም ታሪኩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ግን በ1923 የከተማው ሰዎች አንዱን አክሲዮን በአምስት ዶላር ሸጠው ቡድኑን የራሳቸው አደረጉት። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፈልበትም፤ መዝገቡ ላይ ስም ማግኘት ብቻ ነው። ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ባለቤቶች አሉት፤ ከኒውዮርክና ከሎስ አንጀለስ ቡድኖች ጋር በአንድ ሊግ ይጫወታል። ይህ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል? እድር ይባላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንደኛ፣ በየከተማው፣ ከአምበር እስከ ሉማሜ፣ ከደጀን እስከ ማርቆስ፣ አንድ ጸሐፊ ይመረጥ። ስልኩን ይዞ ሽማግሌዎች ዘንድ ይሂድ፤ ድምፃቸውን ይቅዳ። ማን ጀመረ? ሜዳው የማን መሬት ነበር? መጀመሪያ የተጫወታችሁት ከማን ጋር ነው? ስንት ተቆጠረባችሁ? ሦስት ሽማግሌ ሦስት ታሪክ ቢነግረው ሦስቱንም ይጻፍ። ጋዜጠኛ ገነነ መኩሪያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአዲስ አበባን የኳስ ታሪክ ሰው ለሰው እየዞረ ባይለቅመው ኖሮ ዛሬ ምን እናውቅ ነበር? ለጎጃም ቡድኖች እንዲህ ያለ ሰው እስካሁን አልተነሣም።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ፎቶ፣ አሮጌ ቴሴራ፣ አሮጌ ማሊያ ያለው አይጣል። አንድ ቤት ውስጥ ሳጥን ይደረግለት። ሦስተኛ፣ ቡድኑ አባላት ይኑሩት። ስማቸው የተጻፈ፣ መዋጮ የሚከፍሉ፣ ሒሳብ የሚጠይቁ። የከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደጋፊ ይሁን እንጂ ብቸኛ ባለቤት አይሁን። ቡድን ለመክፈትም ለመዝጋትም አባላት እጅ ያውጡ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶች። እኛ እየወረስን ያለነው የዉልዊችን ፋብሪካና የማንቸስተርን ባቡር ነው። ያም ክፉ አይደለም፤ የሰውን ማወቅ መልካም ነው። የራስን ሳያውቁ የሰውን መሸምደድ ግን ያሳፍራል።

እነዚያ የጠየቅኋቸው ሦስት አባቶች ሁሉም ከሰባ አልፈዋል። ከመካከላቸው አንዱ ስሰናበታቸው እጄን ይዘው "ልጄ፣ እኔ በረኛ ነበርሁ፤ ይህን ግን ማንም አይጽፈውም" አሉኝ። እነሆ ጻፍሁት፤ በረኛ ነበሩ። የቀረውን እናንተ ጻፉ፤ ጥሩንባው ሳይነፋ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለየከተማችሁ ልጆች አጋሩ። የቡድናችሁን አጀማመር የሚያውቅ ሽማግሌ ካላችሁ ደግሞ ነገ ሳትሉ ዛሬ ደውሉላቸው።