አስታማሚና የቤት ሠራተኛ አንድ አይደሉም

ጁባ የሚሠራ ሰው አገር ቤት የቀሩት እናቱ በስትሮክ ወድቀው የአልጋ ቁራኛ መሆናቸውን ሲሰማ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሠራተኛ ይቀጠርላቸው፤ ገንዘቡን እልካለሁ» የሚል ነው። መልሱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ስሕተቱ ግን «ሠራተኛ» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል፤ እንጀራ እንድትጋግርና ልብስ እንድታጥብ የተቀጠረች ልጅ በዚያው ደመወዝ ሕመምተኛም እንድታስታምም ይፈረድባታልና።

የአልጋ ቁራኛን መንከባከብ ሙያ ነው። ሕመምተኛው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ መዋጥ የተሳነው ሰው ተንጋሎ ከጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ኢንሱሊን ተወግቶ እህል ያልቀመሰ የስኳር በሽተኛ ራሱን ሊስት ይችላል። ማንም ይህን ያላስተማራት ልጅ፣ ጉዳት በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያዋ ተወቃሽ ትሆናለች።

ሕጉም አልደረሰላትም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ግን የሥራው ሁኔታ፣ ቢቻል በጽሑፍ ውል፣ እንዲገለጽና በሳምንት ቢያንስ የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ቅን አሠሪ ይህን ለመፈጸም አስገዳጅ አያሻውም።

«ወላጅን ለባዕድ መስጠት ነውር ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነርሶቹን ወደ ጽኑ ሕሙማን ቤት ይልካል፤ የነርሶቹ ጉብኝት ቤተሰብን ያግዛል እንጂ አይተካም። ነውሩስ እናትን ላልሠለጠነ እጅ ትቶ በተላከ ገንዘብ መጽናናት ነው።

እንግዲህ በክፍያ የቤት ለቤት እንክብካቤ እሰጣለሁ ከሚል ድርጅት ጋር ከመዋዋል በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ብዙ ነው። የሙያ ፈቃድ ያላት ነርስ ማን ናት? ረዳቷስ ምን ሠልጥናለች? ማን ይቆጣጠራቸዋል? ሐኪም የሚጠራው መቼ ነው? በዕረፍት ቀን ተተኪዋ ማን ናት? ጁባ ላይ ለሚታመም ወገን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ዐረብኛ ወይም ባሪ ብቻ የምትናገር ነርስ የአማርኛ ተናጋሪን ሕመም በማን በኩል ትረዳለች?

«ሙያ በልብ» የሚለው ብሂል እዚህ አይሠራም። የተሰጠው መድኃኒት፣ የተበላው ምግብ፣ የተገላበጠበት ሰዓት በየቀኑ ይጻፍ፤ ገንዘብ ላኪውም ከደረሰኙ በፊት ይህን መዝገብ ይጠይቅ።