የሐረማያ ሐይቅ እንደ መማሪያ ክፍል፦ ሥርዓት-ተኮር አስተሳሰብን ከግቢ ውጭ ስለ ማስተማር

ሥርዓት-ተኮር አስተሳሰብ በድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ ስሙ ከተለመደ ሰንብቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ግን በሥዕል ነው። ቀስቶችና ክቦች በሰሌዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ተማሪው «ክምችት»፣ «ግብረ-መልስ»፣ «መዘግየት» የሚሉትን ቃላት አጥንቶ በፈተና ይመልሳል። የሲስተም ዳይናሚክስ መሥራች ጄይ ፎረስተር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኤም.አይ.ቲ. የተነሣው ከሰሌዳ ሳይሆን ከአንድ ፋብሪካ የምርትና የቅጥር መዋዠቅ ነበር። በኋላ ለተማሪዎች የተዘጋጀው የቢራ ማከፋፈል ጨዋታም እያንዳንዱ ተጫዋች በቅን ልቡና ሲያዝዝ የጋራው መጋዘን እንዴት እንደሚናጋ ያሳያል። ጨዋታው ጥሩ ነው። ሆኖም ሲያበቃ የከሰረ ሰው የለም።

በምሥራቅ ሐረርጌ ግን የከሰሩ አሉ። የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ አልጋው የከብት መሰማሪያ ሆነ፤ ከእርሱ ትጠጣ የነበረችው ሐረርም እስከ ድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ድረስ ሌላ ምንጭ ለመፈለግ ተገደደች። ሐይቁን ለማድረቅ ያቀደ ማንም አልነበረም። ጫት ከማሽላ የተሻለ ገቢ ስለሚያስገኝ ገበሬው በበጋ የሚያጠጣበት የውሃ ፓምፕ ገዛ። ከተማዋ ነዋሪዋ ሲበዛ ተጨማሪ ውሃ ሳበች። ተዳፋቱ ሲታረስ ደለል ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ጥልቀቱ ያነሰው ውሃ ደግሞ ለፀሐይ ይበልጥ ተጋለጠ። ውሃው ሲሸሽ የፓምፑ ቱቦ ይረዝማል እንጂ አይቆምም፤ ነገ ለሚጠፋ ነገር ዛሬ መሽቀዳደም ለእያንዳንዱ አዋጭ ነውና። ይህ ሁኔታ በሰሌዳ ላይ አንዲት ቀስት ናት፤ በሐይቁ ዳር የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ከአንድ አንጋፋ የግብርና ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው። ነገሩን የአንድ ተቋም ጥፋት አድርጎ መውሰድ ግን ቀላልም ስሕተትም ነው። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የአፈር፣ የመስኖ፣ የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች የሚለያዩበትን ድንበር ውሃው አያውቀውም።

እንግዲህ ተማሪውን ወደ ሐይቁ ማውጣት ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም። ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው የተሞክሮ ትምህርት ዑደት ተሞክሮን ከማሰላሰል፣ ከጽንሰ-ሐሳብና ከሙከራ ጋር ያያይዛል። የተለመደው የመስክ ጉብኝት ከእነዚህ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይቀራል፦ አውቶቡስ፣ የባለሙያ ማብራሪያ፣ ፎቶግራፍ፣ ሪፖርት። የሥርዓት ዋነኛ ጠባይ የሆነው መዘግየት በአንድ ቀን አይታይም። በሐምሌ ሐይቁን ያየ ተማሪ በየካቲት ያላየውን አያውቅም።

ስለዚህ ቁም ነገሩ መመለስ ነው። ተማሪው ከመውጣቱ በፊት የምክንያትና የውጤት ካርታውን ይሣል፤ ካርታውን ለፓምፕ ባለቤቱ፣ ለጫት ነጋዴዋ፣ ውሃ ቀድታ ለምትመለሰው እናት፣ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አቅርቦ ያሳርም፤ በሌላ ወቅት ተመልሶ እንደገና ይሣለው። ነጥብ የሚሰጠውም ለካርታው ውበት ሳይሆን ለተሰረዘውና ለተሰረዘበት ምክንያት ይሁን። ለዚህ የሚሆን መሠረት በአገር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን በተከታታይ ዓመታት፣ በየደረጃው፣ ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ አካል አድርጓል። 

የመኪናና የውሎ አበል ወጪ እውነተኛ ተቃውሞ ነው፤ አንድ የመረጃ መሰብሰቢያ ወቅት ብቻ የሚፈቅደው የመመረቂያ ጽሑፍ የጊዜ ሰሌዳም እንዲሁ። ከሁለቱም የሚከብደው የገበሬው ጊዜ ነው። መጠይቅ ይዞ የሚመጣ ተማሪ የሰለቸው ቀበሌ ጥቂት አይደለም፤ ምክንያቱም ጠያቂው ሁለተኛ አይታይም። ካርታውን ይዞ የሚመለስ ተማሪ ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ነዋሪውም «ይህ ቀስት ወዲህ ነው» ብሎ የሚከራከርበት።

የሐረማያ ሐይቅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። ፓምፖችም በዙሪያው አሉ። ዘንድሮ የሚመዘገብ ተማሪ እንደ ቀደሙት አስከሬን መርማሪ አይሆንም፤ ማን ምን ያህል ይሳብ የሚለው ጥያቄ ገና ሳይዘጋ ይደርሳል።