ብቻውን የሚሸጥ ሰው ሒሳብ

ጋይንት ውስጥ በአገሪቱ አንድ ብቻ የሆነ ነገር አለ፤ የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር። ድጓን የትም ደብር የተማረ ሰው አስመስክሮ ለመምህርነት የሚበቃው እዚያ ወጥቶ ነው። ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ እንደሚኬደው ሁሉ። የምጣኔ ሀብት መምህር ቢያየው ያለ ጥርጥር ሞኖፖል ይለዋል፤ ሰጪው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ። ታዲያ ዋጋው ለምን ሰማይ አልነካም? ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ ድጓውን በገዛ እጁ እየጻፈ ዓመታት ይቆያል እንጂ እንደ ዘመኑ ኮሌጅ የሚጠየቀው ክፍያ የለም። የሚያስመሰክረው ሰው ጥቂት መሆኑም የኔታ ለማስወደድ ብለው ስለቆጠቡት አይደለም። አንድ ጆሮ በቀን የሚሰማው ተማሪ ልክ አለው፤ ዜማው እንዳይዛነፍም ይፈለጋል። ደግሞም የቤተ ልሔም ስልት የከበደው ሰው የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት አለለት።

ብቸኝነት ዋጋ የሚሰቅለው ትርፍ ከሚፈልግ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ያኔም ቢሆን ብዙዎቻችን እንደምናስበው ባለቤቱ ዋጋውን እንደ ልቡ አይቆልለውም።

ስማዳ ውስጥ አንድ ወፍጮ ብቻ ያለበት ቀበሌ አለ እንበል። ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው። አንድ ቁና ለመፍጨት ናፍጣውም ሠራተኛውም ተደምሮ ለባለ ወፍጮው 4 ብር ያስወጣዋል። 12 ብር ቢያስከፍል በቀን 60 ቁና ይመጣለታል፤ ትርፉ 480 ብር። 10 ብር ቢያደርገው 100 ቁና ይመጣል፤ ትርፉ 600። ወደ 8 ብር ቢያወርደው 140 ቁና ይፈጫል፤ ትርፉ ግን ወደ 560 ይወርዳል። ስለዚህ 10 ብር ላይ ይቆማል። 12 ያላለው አዝኖልን አይደለም፤ 8 ያላለውም ናፍጣ አጥቶ አይደለም። ተጨማሪዎቹ 40 ቁናዎች 160 ብር ያስገኙለታል፤ ነገር ግን ለእነሱ ብሎ ዋጋ ሲያወርድ ከቀድሞዎቹ 100 ቁናዎች ላይ 200 ብር ያጣል። ብቻውን የሚሸጥ ሰው ምስጢር ይኸው ነው፤ ለአዲስ ደንበኛ ያረከሰው ዋጋ ለነባሩም መርከሱ ነው የሚያመው።

ሰው ሁሉ የሚጮኸው ስለ 10 ብሩ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን የእነዚያ 40 ቁናዎች ነገር ነው። 4 ብር ለሚፈጅ ሥራ 8 ብር ሊከፍሉ ፈቅደው የነበሩ እናቶች እህላቸውን ይዘው ድንጋይ ወፍጮ ላይ ይጎነበሳሉ። ይህ ጉዳት የማንም ትርፍ ሆኖ አይመዘገብም፤ ደረሰኝም የለው፣ አቤቱታም የለው።

በትልቁ ያየነው በቴሌ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃዱን አግኝቶ በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ እስኪጀምር ድረስ አገሩ በሙሉ ደንበኛነቱ የአንድ ድርጅት ነበር። በነሐሴ 2010 የሞባይል ጥሪ ታሪፍ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ ወረደ። ተወዳዳሪ ገና አልመጣም፤ መንግሥት ዘርፉን እንደሚከፍት መናገሩ ብቻ ነበር። ዋጋው ከወጪው ጋር ተጣብቆ የኖረ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጊዜ እንዲያ አይወርድም ነበር። ቀድሞ ትርፉ ለልማት ይውላል የሚል መልስ ይሰጥ ነበር፤ ይዋል እንበል። ሳይደወሉ የቀሩት ጥሪዎች ግን የማንም ልማት አልሆኑም።

ብቸኛ ገዢም ያው ነው፣ ሒሳቡ ብቻ ይገለበጣል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ እሰገድ ያልነው፣ ከገበሬው በኮታና በተተመነ ዋጋ ሲረከብ ገበሬው እህሉን ይደብቅ፣ በሌሊት ኬላ ያሳልፍ ነበር። ነገሩ የተፈታው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ወደ ባለ ወፍጮው ልመለስ። ወረዳው መጥቶ «ከ8 ብር በላይ እንዳታስከፍል» ቢለው ምን ይሆናል? ሥራ አይቀንስም፤ ይልቁንም 140 ቁና ይፈጫል። ከዚያ በላይ ማስከፈል ከተከለከለ ደንበኛ የሚያርቅበት ምክንያት የለውም፤ እያንዳንዱ ቁና አሁንም 4 ብር ያተርፈዋል። ብቻውን ለሚሸጥ ሰው የሚወጣ ተመን፣ ከወጪው በታች እስካልወረደ ድረስ፣ ምርትን ያበዛል። ያንኑ ተመን ነፋስ መውጫ ገበያ ድንችና ሽንኩርት በሚሸጡ መቶ ሰዎች ላይ ብትጥለው ግን ሽንኩርቱ ከገበያ ይጠፋል፤ እነሱ እርስ በርስ ተወዳድረው ዋጋውን ቀድሞውኑ ወደ ወጪው አስጠግተውታልና።

የእኛ ንግድ ቢሮዎች ይህን ገልብጠው ይዘውታል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገበያ ላይ የበላይነት መያዝን ሳይሆን በበላይነት አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ መሣሪያው በሕጉ ውስጥ አለ። ኑሮ በተወደደ ቁጥር ግን ማሸጊያ ይዘው የሚሄዱት ወደ ሽንኩርት ሻጩ ሱቅ ነው።