ሦስት ኩባያ፣ አራት ኳስ

ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንታችን የመዝናኛ ምሽት ላይ የኩባያና የኳስ ምትሃት አሳይቼ ነበር። ሲያልቅ አንድ የክፍሌ ልጅ ሚስጥሩን ካልነገርከኝ ብሎ ያዘኝ። አልነገርኩትም። በኋላ ግን ይህንኑ ሚስጥር ለአክስቴ ከሀ እስከ ፐ እንደዘረገፍኩላት ሰማና ተቀየመ። «ለአንዱ ነግሮ ሌላውን መከልከል ምን የሚሉት መርህ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። መልሴን እዚህ ልጻፍለት።

ጨዋታውን ላላዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሦስት ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል። ትንንሽ ኳሶች ከእጅ ይጠፉና ኩባያ ሥር ይገኛሉ፤ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። መጨረሻ ላይ ኩባያዎቹ ሲነሱ ማንም ያልጠበቀው ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሎሚ፣ ከሥራቸው ይወጣል። ነገሩ የትናንት እንዳይመስላችሁ፤ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ በጻፈው 45ኛ ደብዳቤ ላይ አንስቶታል። የግብፅ የመንገድ ምትሃተኞች ደግሞ በሎሚ ፋንታ ጫጩት ያወጡ ነበር።

እኔ ለመልመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ኩባያዎቹ የፕላስቲክ ናቸው፤ ኳሶቹን ከአሮጌ ሹራብ ክር ጠቅልዬ ሠራኋቸው። ክር ይሻላል፤ አይንከባለልም፣ ሲወድቅም ድምፅ የለውም። ልምምዱ ከአክስቴ ቁምሳጥን መስታወት ፊት ነበር። መቼም የሚያስቀው ነገር፣ መጀመሪያ ያታለልኩት ራሴን ነው። እጄ የሚያጭበረብርባት ቅጽበት ስትደርስ ዓይኔን እጨፍን ኖሯል! ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ ስህተቴን አላየውም። ይኼ የብዙ ጀማሪዎች ችግር መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

አሁን ስለ አክስቴ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ በደንብ የለበሰ ሰው ቤቷ መጥቶ «መተት ተደርጎብሻል» አላት። የጋብቻ ቀለበቷን ተቀብሎ፣ ጸልዮ፣ ዓይኗ እያየ በነጭ ጨርቅ ቋጠረላት። ሦስት ቀን ሳትፈቺው ትራስሽ ሥር አድርጊው ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ስትፈታው ውስጡ የዛገ ዳዶ ነበር። የሟች ባሏ ቀለበት ነው የጠፋው። ለፖሊስ አላመለከተችም። ለምን ቢባል፣ ቀለበቱ በኃጢአቴ ወደ ብረት ተለወጠ ብላ አምና ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ! «በዓይኔ አይቼ ነው እኮ ያሰረው» ትላለች ስንከራከራት።

አንድ እሑድ ሳልሰማት ገብታ ከኋላዬ ቆማ ስለማመድ አየችኝ። ኳሱ ከእጄ ሲጠፋ አማተበች። «ይኼን ማን አስተማረህ?» አለች። ድምፅዋ ፍርሃት ነበረው፤ ነገ ጠበል ካልወሰድኩህ አለች። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ፤ «እቴቴ፣ እጅ ነው እኮ፣ ነይ ተቀመጪ» አልኳት።

በዝግታ አሳየኋት። ኳሱ በቀኝ እጄ ጣቶች መሀል ነው። ወደ ግራ እጄ ያስቀመጥኩ መስዬ ግራዬን እዘጋለሁ፤ ግራዬን እያየሁ ከአጠገቡ አርቀዋለሁ። ኳሱ ግን ከቀኜ አልወጣም። አሥር ጊዜ ያህል አስደገመችኝ። ከዚያ ተነስታ መሀረብና ጣቷ ላይ የነበረውን የብር ቀለበት አመጣችና «በዚህ አድርገው» አለች። ደብተሬ ላይ የነበረ ላጲስ በቀለበቱ ፋንታ ቋጠርኩላት። ፈታችው። ብዙ ዝም አለችና፣ «ያ ሌባ!» አለች። ሰውየውን ሌባ ብላ ስትጠራ ያን ቀን መስማቴ ነው።

ሚስጥር መንገር ሙያውን መካድ ነው የሚሉ አሉ። ሙያ መክበሩን አልጠላም። ግን በእኛ አገር የእጅ ቅልጥፍናውንም ድግምቱንም «አስማት» እያልን በአንድ ስም ስለምንጠራ ዝም ማለት ራሱ አንድ ወገን መያዝ ነው። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ስለ ጥንቆላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኳሱን ጨዋታ ሳይቀር አብራርቷል። በኩባያ ፋንታ የሻማ መቅረዝ፣ ጎድጓዳ ሳህን ወይም የጨው ዕቃ ክዳን ይሆናል፣ ክዳኑ ግን ይሻላል ይላል። የጻፈው ምትሃተኞችን ለማሳጣት አልነበረም፤ በጥንቆላ እየተወነጀሉ ስለሚገደሉ አሮጊቶችና ምስኪኖች ተቆርቁሮ ነው።

ሌላው ክርክር የሴኔካ ነው። እሱ የሚያስደስተኝ መታለሉ ራሱ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሁ ጣዕሙ ይጠፋል ባይ ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። ፔንና ቴለር የተባሉት አሜሪካውያን ጨዋታውን ብርሃን በሚያሳልፉ ኩባያዎች ያሳዩታል። ሁሉም ነገር ይታያል፤ ዓይን ግን አይደርስበትም። ሰውም ይስቃል። አክስቴም እያወቀች ዛሬም ደግመህ አሳየኝ ትላለች።

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንተን መከልከሌ ንፍገት ነበር፤ አድናቆቱ ስለጣመኝ። ሰው ሦስት ኳስ አለ ብሎ ያስባል፤ ኳሱ አራት ነው። አንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ ኩባያው ሥር ወይ እጅህ ውስጥ ነው። ሎሚው የሚገባው ደግሞ ሰዉ ጨዋታው ያለቀ መስሎት ሲስቅ ነው። ኩባያዎቹ ዶርም አልጋዬ ሥር አሉ፣ መጥተህ ውሰዳቸው። ኳሶቹን ግን ራስህ ጠቅልል።