ሱዳን፡ ወንበሩ ለግዛቶች፣ ሥልጣኑ ለካርቱም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 19/1955 በካርቱም በተሰየመው የተወካዮች ምክር ቤት፣ አብደልራህማን ዳበካ የተባሉ አባል ተነሥተው ሱዳን ነጻና ሉዓላዊት አገር መሆኗ እንዲታወጅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ዳበካ የመጡት ከዋና ከተማዋ ሳይሆን በዳርፉር ከምትገኘው ኒያላ አካባቢ ነበር። የኮርዶፋን ተወካይ የሆኑት ማሻዊር ጁማ ሳህል ሐሳቡን ደገፉ፤ ምክር ቤቱም በአንድ ድምፅ ተቀበለው። ሴኔቱ በቀናት ውስጥ አጸደቀው፤ ጃንዩወሪ 1/1956 ሱዳን ነጻ ሆነች።

ከ70 ዓመታት በኋላ የዳበካ ኒያላ ከካርቱም መንግሥት ጋር የሚፎካከር ሌላ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። የነጻነት ጥያቄ በሕጋዊ መንገድ የቀረበባት ሱዳን ዛሬ በጦር ግንባሮች ተከፍላለች።

ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ብዙም ያልተነገረለት አንዱ ግን ክፍለ ሀገራት፣ በኋላም ግዛቶች፣ በማዕከላዊው ሕግ አውጪ የነበራቸው ውክልና ታሪክ ነው። ሱዳን ግዛቶቿ የሚቀመጡበትን ሁለተኛ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ አቋቁማለች። ሁለቱንም ያፈረሷቸው ወታደሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ሴኔት

የ1953ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ ያቋቋመው ፓርላማ 97 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትና 50 መቀመጫ ያለው ሴኔት ነበረው። ከሴናተሮቹ 30ዎቹ በዘጠኙ ክፍለ ሀገራት በተዘዋዋሪ ምርጫ የተመረጡ ሲሆኑ፣ 20ዎቹን የሾሟቸው እንግሊዛዊው ጠቅላይ ገዢ ነበሩ።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለነበሩ፣ በዚህ መለኪያ የካርቱሙ ሴኔት ለሕዝብ የቀረበ ይመስላል። ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነበር። የመንግሥት ሕልውና የሚወሰነው በዚያ በመሆኑ ክብደቱም ወደዚያው አደላ።

የደቡብ ሦስት ክፍለ ሀገራት፣ ማለትም ባሕር ኤል ጋዛል፣ ኢኳቶሪያና የላይኛው አባይ፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ወንበር ነበራቸው። በአስተዳደሩ ግን የነበራቸው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ለቀው ሲወጡ ለሱዳናውያን ከተላለፉት ወደ 800 የሚጠጉ የሥራ መደቦች ደቡባውያን ያገኙት ስድስት ብቻ ነበር። በኦገስት 1955 በቶሪት የሰፈረው የደቡብ ጦር ባመፀበት ወቅት፣ ይህ ቁጥር ከቅሬታዎቹ መካከል በግንባር ቀደምትነት ይነሣ ነበር።

የደቡብ ተወካዮች ለነጻነት አዋጁ ድምፅ የሰጡት አንድ ቃል ተገብቶላቸው ነው። በዚያው ዲሴምበር ወር ምክር ቤቱ ለሦስቱ ክፍለ ሀገራት ፌዴራላዊ አስተዳደር የመስጠት ጥያቄ በሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ሙሉ ትኩረት እንዲያገኝ ወስኖ ነበር። ኋላ ላይ ሕገ መንግሥቱን ለማዘጋጀት በተሰየመው ባለ 46 አባላት ኮሚቴ ውስጥ የተካተቱት ደቡባውያን ግን ሦስት ነበሩ። ኮሚቴው የፌዴሬሽኑን ሐሳብ ውድቅ አደረገ። ጉዳዩ የክፍለ ሀገራት ተወካዮች በተቀመጡበት ሴኔት ሳይሆን፣ ደቡብ እንደ እንግዳ በተቆጠረበት ኮሚቴ እልባት ማግኘቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ኖቬምበር 17/1958 ጄነራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ያዙና ፓርላማውን በተኑት። ሴኔቱ በዚያ ስም ዳግም አልተቋቋመም።

ከዚያ በኋላ በተከታታይ የመጡት ምክር ቤቶች ሁሉ ነጠላ ነበሩ። የ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት ለደቡብ በጁባ የራሱን ምክር ቤት ቢሰጠውም፣ በካርቱም የክልሎችን ድምፅ የሚያስጠብቅ ተቋም አልፈጠረም። ስለዚህም ፕሬዝዳንት ጃፋር ኒሜሪ በ1983 ደቡብን በአዋጅ ለሦስት ሲከፍሉት፣ ‘አይሆንም’ ብሎ ያገዳቸው አካል አልነበረም።

ሃምሳው መቀመጫ

ሁለተኛው ሙከራ የመጣው ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንዳለቁበት የሚገመተው የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ሲያበቃ ነው። ጃንዩወሪ 9/2005 የተፈረመውን አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ተከትሎ የጸደቀው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት፣ ከብሔራዊ ምክር ቤቱ ጎን የግዛቶች ምክር ቤት አቋቋመ። ትልቅም ትሁን ትንሽ፣ እያንዳንዷ ግዛት ሁለት ተወካይ ነበራት። አቢዬ ሁለት ታዛቢዎች ተፈቀዱላት።

የኢትዮጵያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከዚህ ይለያል። በእርሱ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ተጨማሪ አንድ ወንበር ያገኛል፤ ዋና ሥራውም ሕግ ማውጣት ሳይሆን ሕገ መንግሥት መተርጎም ነው። የሱዳኑ ምክር ቤት ግን የግዛቶችን ጥቅም የሚነኩ ረቂቅ ሕጎችን ማጽደቅ ወይም መጣል ይችል ነበር፤ ለዚህም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር።

የደቡብ ትርፍ የተደበቀው በዚህ ስሌት ውስጥ ነው። በወቅቱ ከነበሩት 25 ግዛቶች 10ሩ የደቡብ ስለነበሩ፣ ከ50ው ወንበር 20ው የእነርሱ ነበር። ሁለት ሦስተኛ ለመሙላት 34 ድምፅ ሲያስፈልግ፣ ሰሜኑ በሙሉ ቢስማማ እንኳ 30 ብቻ ነበረው። በሱዳን ታሪክ ደቡብ ያልፈቀደውን ሕግ የሚያስቆምበት የቁጥር ዋስትና ካገኘባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነበር።

ዋስትናው በተግባር እምብዛም አልተፈተነም። ከባድ አለመግባባቶች የሚፈቱት በሁለቱ ፈራሚ ፓርቲዎች አመራሮች መካከል ነበር። በኦክቶበር 2007 የደቡቡ ንቅናቄ ስምምነቱ አልተከበረም ብሎ ሲቆጣ ሚኒስትሮቹን ከካቢኔ አስወጣ፤ ተቃውሞውን ለግዛቶች ምክር ቤት አልወሰደም። የአቢዬ ወሰንም በ2009 የተዳኘው በሄግ ነው። ምክር ቤቱ በሕግ ጠንካራ፣ በፖለቲካ ግን ጥላ ነበር።

ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9/2011 ስትገነጠል ሃያዎቹ ወንበሮች አብረው ሄዱ። አዲሲቱ አገር በጁባ የራሷን የግዛቶች ምክር ቤት ስታቋቁም፣ በካርቱም የነበሩትን የደቡብ ተወካዮች አባል አድርጋ፣ ፕሬዝዳንቱ የሚሾሟቸውን 30 ሰዎች ጨመረችባቸው።

የወንበር ብዛት

ዳርፉር ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። በ1994 ለሦስት ግዛት የተከፈለችው ዳርፉር በ2005ቱ ምክር ቤት የነበራት ድርሻ ስድስት ወንበር ነበር። በሁለት ሦስተኛው ስሌት ይህ ምንም ሊያግድ አይችልም። በእነዚያው ዓመታት መንደሮቿ ይቃጠሉ ነበር።

በ2012 መንግሥት ዳርፉርን ወደ አምስት ግዛቶች ሲከፍላት፣ በሕጉ መሠረት የወንበሯ ቁጥር ከስድስት ወደ አሥር ከፍ አለ። በወረቀት ሲታይ ውክልናዋ ጨመረ። ታጣቂዎችና ብዙ የዳርፉር ፖለቲከኞች ግን ይህን የሕዝቡን አንድነት ለመበታተን የተወጠነ አድርገው አዩት፤ ጥያቄያቸው አንዲት የዳርፉር ክልል እንድትመለስ ነበር። በኤፕሪል 2016 በተካሄደውና ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ባልተሳተፉበት ሕዝበ ውሳኔ፣ ከ97 በመቶ በላይ መራጭ አምስቱ ግዛቶች እንዲቀጥሉ መረጠ ሲሉ ባለሥልጣናት አስታወቁ። ጦርነት ባልበረደበት አካባቢ የተገኘ እንዲህ ያለ አኃዝ ጥርጣሬ ማስነሣቱ አይቀርም።

የግዛቶችን አቅም ይበልጥ የጎዳው ግን በጃንዩወሪ 2015 የተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር። በ2010 በሕዝብ የተመረጡት አገረ ገዢዎች ቀርተው፣ ሹመቱ ለፕሬዝዳንት ኦማር አል-በሺር ተሰጠ። በፌብሩወሪ 2019 አል-በሺር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥተው የሁሉንም ግዛቶች አስተዳደር በጦርና በጸጥታ መኮንኖች ተኩ። የግዛቶች ምክር ቤት በዚያን ቀን አልፈረሰም፤ ወንበሮቹ እንዳሉ ነበሩ። የፈረሰው ኤፕሪል 11፣ አል-በሺርን የጣሉት ጄነራሎች ሁሉንም ምክር ቤቶች ሲበትኑ ነው።

ሁለት አገረ ገዢ፣ አንድ ዳርፉር

የ2019ኙ የሽግግር ሰነድ ከ300 የማይበልጡ አባላት ያሉት የሽግግር ምክር ቤት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲቋቋም አዘዘ። አልተቋቋመም። በኦክቶበር 2020 የተፈረመው የጁባ ስምምነት ለታጣቂ ቡድኖች ከዚያ ምክር ቤት 75 መቀመጫ ሰጠ፤ ገና ያልተሠራ ቤት ወንበር ተከፋፈለ ማለት ነው። የኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥትና ኤፕሪል 15/2023 የፈነዳው ጦርነት ጉዳዩን ዘጉት።

አሁን በአንድ በኩል ጄነራል አብደልፋታህ አል-ቡርሃን የሚመሩት ጦር ካርቱምን በ2025 መልሶ ይዟል። በሌላ በኩል በጄነራል ሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በኦክቶበር 2025 ኤል ፋሸርን ተቆጣጥሮ፣ ዳርፉርን ከሞላ ጎደል በእጁ አድርጓል። በኒያላ የቆመው መንግሥት በመሥራች ሰነዱ ያልተማከለች ሱዳን እንደሚገነባ ቃል ገብቷል። ይህን ቃል የሰጠው ኃይል በተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በከባድ ግፍ የተከሰሰ መሆኑ፣ በተፈናቃይ መጠለያ ላለ የዳርፉር ነዋሪ ተስፋውን ባዶ ያደርግበታል።

አሜሪካ፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ ግብፅና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በሴፕቴምበር 2025 ያወጡት የሰላም ሐሳብ፣ የሦስት ወር ሰብዓዊ ተኩስ አቁምና የዘጠኝ ወር ሽግግር የያዘ ነው። የአገሪቱን የወደፊት አስተዳደር የሚወስኑት ሱዳናውያን ይሁኑ ይላል። ያ ውይይት ሲጀመር ስለ ምክር ቤት ወንበር ብቻ ከተነጋገረ፣ የ2005ቱን መንገድ መድገሙ ነው። አገረ ገዢውን ማን ይሾማል? የወርቁንና የነዳጁን ገቢ ማን ያከፋፍላል? በግዛቱ ያለውን ጦር ማን ያዝዛል? እነዚህ ከወንበሩ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ለጊዜው ዳርፉር ሁለት አገረ ገዢዎች አሏት። ከጦሩ ጋር የተሰለፉት ሚኒ ሚናዊ በ2021 ከካርቱም የተሾሙ ናቸው። አል-ሃዲ ኢድሪስን ደግሞ በጁላይ 2025 የሾመው የኒያላው ወገን ነው። የዳርፉር ሕዝብ አስተዳዳሪውን እንዲመርጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠራው በኤፕሪል 2010 ነበር።